የንግሥቲቱ ጉንጭ

ካህኑ ኒካጎራስ በንግሥቲቱ ሐውልት እግር ሥር በጀርባው ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። መሰላሉ ከጎኑ ወድቋል፤ መሮው ከእጁ አልወጣም። የቴራ ደሴት ዳኛ ኤውፋኔስ ተጠርቶ ሲደርስ፣ ለሞተችው ንግሥት መሥዋዕት የሚያቀርቡት ማኅበርተኞች በአዳራሹ በር ላይ ተኮልኩለው ነበር። በየማለዳው የሐውልቱን የአበባ ጉንጉን የምትለውጠው ፊሊና ለዳኛው ውሃ አቀበለችው፤ በግራ እጇ።

«ወድቆ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለ የማኅበሩ ምክትል ሶሶስ።

«በዚህ ዕድሜው መሰላል ላይ ምን አወጣው?»

ሶሶስ አንገቱን አከከ። «የሐውልቱን ፊት ሊያጠፋ ነዋ! ፊቱ የንግሥቲቱ አለመሆኑን ትናንት ደረሰበት። የፊሊና ባል ሊሲስ የቀረጸው የገዛ ልጁን ነው፤ አምና በንዳድ የሞተችበትን ሚርቶን። ‹ዓመት ሙሉ ለድንጋይ ጠራቢ ልጅ አሰገደን!› ብሎ ጮኸ።»

ኤውፋኔስ ሊሲስን ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ምን ነካህ አንተ?»

«ንግሥቲቱን አይቻት አላውቅም፣ ጌታዬ። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣልኝ እሷ ብቻ ነበረች።»

«ዛሬ ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«ወደብ፤ ድንጋይ ሳራግፍ። መርከበኞቹን ጠይቃቸው።»

ጠየቃቸው፤ እውነት ነበር። ተመልሶ ወለሉን በጉልበቱ እየዳኸ መረመረና ሁሉንም አዳራሽ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«የመሰላሉ እግሮች ወለሉን ወደ ጎን ጭረውታል» አለ። «ከላይ ያለው ሰው ቢያዳልጠው እንዲህ አይሆንም፤ ከታች የጎተተው አለ። ሐውልቱ አንዴ ተመትቶ ከጉንጩ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጎድላለች። ብናኙ ወለሉ ላይ አለ፤ ቁራጯ ግን የለችም። ሶሶስ የካህኑን ወንበር ይመኛል፤ ወንበር የሚመኝ ሰው ግን ድንጋይ አይለቅምም። ሊሲስ ወደብ ነበር። አጠገቡ ሰው እየሞተ፣ ከደም መሃል ያችን ቁራጭ የሚያነሳ ማን ነው?»

ዳኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እቴ ፊሊና፣ ከጠዋት ጀምሮ ቀኝ እጅሽን አልዘረጋሽም።»

ቀስ ብላ ዘረጋችው። ቁራጯ መዳፏን ቆርጣው ነበር።

«‹ውረድ› አልኩት። እግሩን ይዤ ለመንኩት። ‹ነገ ትረሺዋለሽ› አለኝና መታት። ጉንጯን መታት! መሰላሉን ጎተትኩት… እንዲተዋት እንጂ እንዲሞት አልነበረም። ልጄን ሁለት ጊዜ መቅበር አልቻልኩም።»

ሊሲስ ፊቱን ሸፈነ። «ምነው ዝም ብትይው? ሌላ እቀርጽልሽ ነበር እኮ!»

«ሌላዋማ እሷ አትሆንም።»

ኤውፋኔስ በሃያ ዓመት የዳኝነት ዘመኑ እውነት አግኝቶ እንዲህ ከፍቶት አያውቅም። ወደ ወህኒ ከመውሰዱ በፊት ሐውልቱን እንድትሰናበት ፈቀደላት። ፊሊና ወደ ሐውልቱ ቀረበች፤ እንደ ማኅበሩ ሥርዓት ግን አልሰገደችም።

«ሚርቶዬ» አለች፤ ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ያልጠራችውን ስም።

ከዚያ የባሏን ትከሻ ዳሰሰችና፣ ማንም ሳይነካት፣ ከዳኛው ፊት ፊት ቁልቁለቱን ወረደች።