ሰባት ቁጥር ወንበር

«ሰባት ቁጥርን ይዤልሻለሁ!» የወንበር ጓደኛዋ ከጌም ቤቱ ጥግ እጇን አውለበለበችላት።

ፍንጭት አላመሰገነቻትም። ዛሬ ከጀነራሉ ጋር ሦስት ዙር ትገጥማለች፤ ሁለቱን ያሸነፈ በትምህርት ቤቱ የጌም ቡድን ውስጥ የቀረችውን አንድ ቦታ ይወስዳል። ጀነራሉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠው ራሱ ለራሱ ነው። በዚህ ወር አምስት ጊዜ ገጥማው አምስቱንም አሸንፋዋለች። አምስቱንም ሰባት ቁጥር ላይ ተቀምጣ።

በኮምፒውተሩ የጦርነት ጨዋታ ውስጥ የጠላት ሰፈር ጨለማ ነው። ፈረሰኛ እያሠለጠነ ይሁን ቀስተኛ ለማወቅ ሰላይ መላክ ግድ ነው። ሰባት ቁጥር ላይ የተቀመጠ ግን ሰላይ አያስፈልገውም። ከተጋጣሚው ጀርባ ያለው መስኮት ከጎረቤት ግንብ ጋር ስለተጣበቀ ብርሃን አያስገባም፤ ቀና ብለው ሲያዩት የተጋጣሚው ስክሪን መስታወቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ጌም ቤቱን የሚያሠራው ታላቅ ወንድሟ ወለሉን እየጠረገ ነገር ጣል አደረገ።

«አንቺ እኮ ጎበዝ አይደለሽም። ጎበዙ መስኮቱ ነው።»

«ቅናት ነው!»

«እሺ፣ ነይ ሁለት ቁጥር ላይ ግጠሚኛ።»

በስምንት ደቂቃ ሰፈሯን አመድ አደረገው። ፍንጭት በንዴት አለቀሰች፤ ከዚያ እልህ ያዛት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? በማግስቱ ከሰባት ቁጥር ውጭ ተቀምጣ የተሸነፈችባቸውን ጨዋታዎች ቅጂ አንድ በአንድ አየች። በአንዱም ሰላይ አልላከችም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትታ አንድ ነገር ብቻ ተለማመደች፦ ሁለተኛው ደቂቃ ሲሞላ አንድ ሠራተኛ ከእንጨት ቆረጣው አንስታ ወደ ጨለማው መላክ። ስትረሳ ወንድሟ «ሰላይ!» እያለ ወንበሯን በመጥረጊያው እንጨት ይመታል። መጀመሪያ ላይ ወንበሩ ብዙ ተመታ።

አሁን ጀነራሉ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጣቶቹን ያንቋቋል። ፍንጭት ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«መጋረጃውን ዝጊው።»

«አብደሻል እንዴ?» አለች ጓደኛዋ በሹክሹክታ።

«ዝጊው አልኩሽ።»

ጓደኛዋ መጋረጃውን ሳበችው። በመጀመሪያው ዙር ሰላይ መላክ እንዳለባት ያስታወሰችው በአራተኛው ደቂቃ ነው፤ ያኔ የጀነራሉ ፈረሰኞች በሯ ላይ ደርሰዋል። «ዛሬስ ምን ነካሽ?» ብሎ ሳቀባት። በሁለተኛው ዙር ሰላይዋ በሰዓቱ ወጣ፣ የፈረስ ጋጣዎቹን አየ፣ እሷም ባለ ጦር እግረኞች አሰልፋ ፈረሰኞቹን ጠበቀቻቸው። ጀነራሉ ሳቁን ዋጠው።

አንድ ለአንድ። ጓደኛዋ ሄዳ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፤ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ በዓይኗ ጠየቀቻት። ፍንጭት እንድትገልጠው በጣም ፈለገች። የቡድኑን ቦታ ከክረምት ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች፤ ጀነራሉ ጀርባውን ሰጥቶ ስለተቀመጠ አያይም። ወንድሟ ግን ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ያያል። 

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ልቀቂው።»

«ትንሽ ብቻ! ብትሸነፊስ?»

«ልሸነፋ! ግን እኔ ልሸነፍ፤ መስኮቱ አያሸንፍልኝ።»

ጓደኛዋ አኩርፋ ጫፉን ለቀቀች። ፍንጭት መጋረጃውን እስከ ጥጉ ስባ ዘጋችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ምንድነው የምትንሾካሾኩት?» አለ ጀነራሉ። «ፈራሽ?»

«አዎ» አለችው። «ጀምር።»

ሠራተኞቿ ዛፍ መቁረጥ ጀመሩ። ወንድሟ መጥረጊያውን አነሳ፣ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ፍንጭት ማንም ሳያስታውሳት አንዱን ሠራተኛ ከዛፎቹ መሀል አወጣችና ወደ ጨለማው ላከችው።