አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ

ታምሲን ማስመሪያዋን የፈረሰው ግንብ ግድግዳ ላይ ባለው ቀዳዳ አፍ አስደግፋ ለካች። ወርዱ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ቁመቱም አሥራ ሁለት። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ለመሆኑ የትኛው መድፍ ነው አራት ማዕዘን ጥይት የሚተኩሰው?

ከጀርባዋ አያቷ ሚስተር ዴንዚል ጎብኚዎቹን ሰብስበው ያንኑ ታሪክ ያወራሉ። በድሮው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ንጉሡን የሚወጉት የፓርላማው ወታደሮች ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ የትሬሎውን ግንብ በመድፍ እንዴት እንዳፈራረሱት፣ የግንቡ እመቤት አገልጋዮቿን ይዛ ዘጠኝ ቀን እንዴት እንደተከላከለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ ዝናብም ቢሆን፣ ያለ ደመወዝ ይህንኑ አውርተዋል። መጨረሻ ላይ አንድ ሕፃን ይመርጡና እጁን ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡለታል። «መድፉ የነከሰው እዚህ ጋ ነው» ይሉታል። ታምሲንም በአምስት ዓመቷ እጇን አስገብታ፣ ድንጋዩ አሁንም ይሞቃል ብላ ምላ ተገዝታ ነበር። ታሪክ የሚባል ነገር የወደደችው የዚያን ዕለት ነው።

ጣጣውን ያመጣው ሰሌዳው ነው። የቦታው ኃላፊ ሚስስ ፔንሮዝ ግንቡ አጠገብ ለሚቆመው የልጆች ሰሌዳ ጽሑፉን ታምሲን እንድታዘጋጅ ጠየቀቻት፤ ማስረከቢያው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አያቷ ይህን ከሰሙ ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያልነገሩት ሰው የለም። ኬክ የምትቆርጠው ሴትዮ ብቻዋን ሦስት ጊዜ ሰምታዋለች።

እሷ ደግሞ አርፋ አትጽፍም፤ ላጣራ አለች። የታሪክ አስተማሪዋ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ግንበኞች ለመወጣጫቸው እንጨት የሚሰኩበት ነው አለቻት። ያ ብቻ ቢሆን እንዳልሰማች ታልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከግንቡ አጠገብ ባለው ትልቅ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ትንሽ ዓሣ ተቀርጻ አየች። ድንጋይ ጠራቢው ሥራው የሱ መሆኑ እንዲታወቅ ያስቀመጣት ምልክት ናት። ያችው ዓሣ፣ ጅራቷ የተንጋደደው፣ የፈረሰው ግንብ በር ላይም አለች። ቤቱ ደግሞ ከግንቡ ብዙ ዘመን በኋላ፣ ከጦርነቱ ግን በፊት የተሠራ ነው። ግንቡን ጠላት አልነካውም ማለት ነው። ባለቤቶቹ ራሳቸው ብርዱና ጨለማው ሲሰለቻቸው ድንጋዩን እየነቀሉ ሰፋፊ መስኮት ያለው ቤት ሠሩበት።

አሁን ኪሷ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ፤ አንዱ ስለ መድፉ፣ አንዱ ስለ ዓሣዋ። የመድፉን ሰጥታ ብትገላገል ማን ያውቅባታል? ራሷ ታውቃለች። የዓሣዋን ከሰጠች ደግሞ አንዱ ቀልቃላ ልጅ ሰሌዳውን ያነብና አያቷን በሰው ፊት ይስቅባቸዋል።

ጎብኚዎቹ ሲሄዱ አያቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የአይብ ሳንዱቻቸውን ለሁለት ገመሱና ትልቁን ለሷ ሰጧት። መድፉን በትልልቁ እንድትጽፈው አደራ አሏት። ታምሲን ሳትበላው ተነሣች።

«አባባ፣ አንዴ ከኔ ጋር ይምጡ» አለች።

የትልቁ ቤት ኩሽና ባዶ ነበር። ሻካራ እጃቸውን ይዛ፣ ድሮ እሳቸው የሷን እንደያዙት፣ ጣታቸውን ዓሣዋ ላይ አሳረፈችው። አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሷት። ጅራቷ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«የግንቡ በር ዓሣ ናት» አሉ ቀስ ብለው። ቀና ብለው ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን ተራ በተራ አዩ። ሞኝ አልነበሩም፤ ገባቸው። «ቀዳዳውስ?»

«የመወጣጫ ነው። አራት ማዕዘን ነው እኮ፣ አባባ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት! አንድ ሰው እንኳ አራት ማዕዘን ነው አይለኝም?»

«እርስዎ ሲያወሩ ማን ቀዳዳ ያያል?»

ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ደረታቸው ላይ ያለውን የአስጎብኚ ምልክት ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በይ ሂጂ፣ ሰዓትሽ ደርሷል። ለሚስስ ፔንሮዝ እውነቱን ስጫት» አሏት።

የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ይላል። ሁለቱንም ወረቀት አውጥታ የመድፉን ቀደደችው። የዓሣዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ከላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር ጨመረች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ አያቷ ገፋችው።

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና አነበቡ፦ «እጃችሁን ቀዳዳው ውስጥ ክተቱ። ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው ሚስተር ዴንዚልን ጠይቋቸው።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እዚያ ከፍታ ላይ፣ መወጣጫው ላይ ቆሞ፣ በዚያ ንፋስ» አሉ መስኮቱን እያዩ፣ «ያ ጠራቢ እጁ ምንኛ ይቀዘቅዘው ይሆን?»

ታምሲን ምልክቱን ከጠረጴዛው አንስታ ደረታቸው ላይ መልሳ ሰካችው። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ ወደ ሚስስ ፔንሮዝ ቢሮ ሄደች።