የጠራዡ ጠማማ እጥፎች

«ይሄ አልዛይመር የሚሉት በሽታ ስም በመርሳት ነው የሚጀምረው። እኅቴንም የጀመራት በስም ነው…» ይሄ የወንድ አያቷ ድምፅ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ ወይም ሳቀች። ልጅቷ ያኔ ስድስት ዓመቷ ስለነበር ከበሩ ኋላ ሆና የሰማችውን ሁሉ አታስታውስም። ቤተሰቡ ግን ያችን ቃል እንደ ሕግ ይዟታል። ስለዚህ ስም የማይረሱትን አያቷን በሽታው ይዟቸዋል ብሎ ማንም አልጠረጠረም።

አያቷ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። የአርባ ዓመት ደንበኛ ሁሉ ከነአባቱ ስም በቃላቸው ነው። ግን ፊታቸው የተቀመጠውን መቀስ በዳበሳ ይፈልጋሉ። አክስቷ መነጽር ሦስቴ አስቀይራቸዋለች። ወረቀት ሲያጥፉ ገጹ ይዛነፋል፤ ልጅቷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተደብቃ ታቃናዋለች። ሦስት ወር ሙሉ።

ዛሬ ግን የባዮሎጂ መምህሯን ጠየቀችው። «አልዛይመር ሁሌ በመርሳት ነው የሚጀምረው?»

«ኧረ ሁሌማ አይደለም። በአንጎል ውስጥ ያለ ፕሮቲን በትክክል መታጠፍ አለበት። አንዱ ከተጣመመ ጎረቤቱንም ያጣምማል። ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዱን ትውስታ፣ የሌላውን ንግግር፣ የሌላውን ደግሞ ዓይኑ ያየውን የሚረዳበትን ክፍል ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።»

የአያቷ ጥረዛ ሱቅ ስትደርስ ሃያ ወረቀት ታጥፎ ተቆልሏል፤ ሁሉም ጠማማ። አያቷ የመጀመሪያውን እጥፍ እንደ ልማዳቸው ለቀሪዎቹ መለኪያ አድርገውት ነበር። እጇ ወደ ክምሩ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ፌንጣ፣ መጣሽ?» አሉ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጠሯት እንዲህ ነው።

«አባባ፣ እነዚህ ተበላሽተዋል።»

«ማን አበላሸ?»

«እርስዎ። እስከ ዛሬ ተደብቄ የማቃናው እኔ ነበርኩ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ጃጀህ ማለትሽ ነው? እናትሽ የመጀመሪያ ጥርሷን ያበቀለችበትን ቀን ልንገርሽ?»

«ቀኑንማ አልረሱም።» የላይኛውን እጥፍ አንስታ ሰጠቻቸው። «መምህራችን በበሽታው ስለሚጎዳ አንጎል ያለው ልክ እንደዚህ ነው። አንዷ ተጣመመች፤ ሌሎቹ እሷን ተከተሉ። እኅትዎን በስም ጀመራቸው፤ እርስዎን ምናልባት በሌላ በኩል ይሆናል። ተሳስቼም እንደሆነ ሐኪም ይንገረን።»

እጥፉን በጣታቸው ጫፍ ዳበሱት። ዓይናቸው ያላየውን ጣታቸው አገኘው። ሁለተኛውን አነሱ፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ሃያኛው።

«የመጀመሪያዋንስ ማን አጣመማት?»

«እሱን ሳይንቲስቶች ገና እያጠኑት ነው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይግለጽላቸው» አሉ፤ ከዚያም ድንገት ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አርባ ዓመት ወረቀት አጥፌ፣ በገዛ ወረቀቴ ረታሽኝ! አክስትሽ ያልቻለችኝን ፌንጣ ቻለችኝ!»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። የሦስት ወር ሸክም ከትከሻዋ ወረደ፤ ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ቆይ፣ ሐኪሙ ስም ከጠየቀኝ ግን የሃምሳ ሰው አንበልብዬለት ነው የምወጣው።»

«አብሬ እገባለኋ! ወረቀት ስጧቸውና ሲያጥፉ እዩ እላቸዋለሁ።»

«አንቺስ ጉድ ነሽ!»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ግን አንቺ ዝም ትያለሽ፤ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። መቀሱ እንደሚሰወረኝ፣ ደረጃ ስወርድ እግሬ የቱን እንደሚረግጥ እንደማይታየኝ… ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ።»