አሥራ ሁለት አልልም

«ቋ!» አለ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ።

ለመመለስ የቆመችው ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። የሒሳቡ አስተማሪ የቃል ፈተና ሲሰጥ ጊዜ የሚለካው በጠመኔ ነው፤ ሦስቴ እስኪያንኳኳ ያልመለሰ ዜሮውን ታቅፎ ይቀመጣል። እሷን ክፍሉ በሙሉ «ነገ» ነው የሚላት፤ ዛሬ ብትጠየቅ መልሷ ነገ ይደርሳል ለማለት። አክስቷ ደግሞ ልታጽናናት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላታለች። ከእንቁላል ጋር መነጻጸሩም ሰልችቷታል።

ጥያቄው ይህ ነበር፤ ጣውላ አንዴ ለመቁረጥ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። አንዱን ጣውላ አራት ቁራጭ ለማድረግ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ጀርባዋን እስክሪብቶ ወጋ አደረጋት። ከኋላዋ የምትቀመጠው የልብ ጓደኛዋ ናት፤ «ጥይት» የሚሏት፣ አፏ ሐሳቧን ቀድሞ የሚደርስ።

«አሥራ ሁለት!» አለች ጥይት በሹክሹክታ።

በእረፍት ሰዓት ተስማምተው ነበር። አስተማሪው እንዳለው ዛሬ ዜሮ ያገኘ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌላኛው ክፍል ይዛወራል። «እንሸውደዋለን ባክሽ! እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትደግሚዋለሽ፣ አለቀ» ብላት ነበር ጥይት። እሷም እሺ አለች። ያለ ጥይት መቀመጥን ልታስበው አትፈልግም።

«ቋ!»

ጠላቷ ይሄ ድምፅ ነው። ሐሳቧን ሰብስባ ሳትጨርስ ይመጣና ይበትንባታል። ኦቲዝም እንዳለባት የነገረቻቸው ሐኪም፣ «ነገር ይገባታል። ግን ሳታረጋግጥ አትናገርም፤ ጫጫታ ካለ ደግሞ የበለጠ ጊዜ ትፈልጋለች» ብላ ነበር። እናቷ «ይሄ ወሬ ከቤት አይውጣ፣ ልጄ» አለቻት። አልወጣም። «ነገ» የሚለው ስም ግን መንደሩን አዳርሷል።

የአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ታያት። የጣውላውን ጫፍ የምትይዝለት እሷ ናት። መጋዙ አንዴ ሲያልፍ ሁለት ቁራጭ፣ ሁለቴ ሲያልፍ ሦስት...

«በይው እንጂ!» አለች ጥይት።

አሥራ ሁለት ልክ አይደለም። አልልም አለች በልቧ።

«ቋ! አለፈ፣ ዜሮ። ተቀመጪ» አለ አስተማሪው፤ ጣቱንም ወደ ጥይት ቀሰረ። «አንቺስ?»

«አሥራ ሁለት!»

«ስህተት!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አለ አንዱ ከጥግ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«ዘጠኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ነገ አሁንም እንደቆመች ናት። «አራት ቁራጭ የሚያወጣው ሦስቴ መቁረጥ ነው። ዘጠኝ ደቂቃ።»

አስተማሪው ዞሮ አያት። «ልክ ነሽ። ግን ጊዜሽ አልፏል። ተቀመጪ ብያለሁ።»

ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ። «አልቀመጥም፣ ቲቸር። ልክ ነሽ ካሉኝ ዜሮው ለምንድን ነው? ስላልቸኮልኩ ነው?»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ከጥግ ያለው ልጅ።

«ኦቲዝም አለብኝ» አለች። ቃሉ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲወጣ እሷንም አስደነገጣት፤ ግን መልሳ አልዋጠችውም። «ጠመኔው ሲንኳኳ ሐሳቤ ይበተናል። ካላንኳኩብኝ እመልሳለሁ። ሌላ ይጠይቁኝ፣ ከፈለጉ ከባዱን።»

ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ወደ እነሱ አልዞረችም። አስተማሪው ጠመኔውን በእጁ አገላበጠ። ከዚያ መጽሐፉን ገለጠና አንድ ረጅም፣ ጠማማ ጥያቄ አነበበ። ሲጨርስ እጁ በልማድ ወደ ሰሌዳው ተነሣና እዚያው ቆመ።

እስክሪብቶው ጀርባዋን ነካ አደረጋት። «ይሄማ ቀላል ነው፣ ሃያ...» ብላ ጀመረች ጥይት።

ነገ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ እስክሪብቶውን ከጓደኛዋ ጣቶች አላቀቀችና የራሷ ዴስክ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ማሰብ ጀመረች።