በጆሮዋ የተገኘው ማዳመጫ

«ልጅዎ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነበር የምትወደው?»

ኢንስፔክተሩ እናትየውን ጠየቃት። ሃያ አራት ዓመት ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ግን አታውቅም። የመሐረቧን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬቱን አየች።

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። ጆሮዋ ላይ በምትሰካው ነገር ስንጣላ ነው የኖርነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ‹አውልቂው፤ አንድ ቀን ይገድልሻል› ብያት ነው የወጣችው። ምነው አፌን በቆረጠው!»

ልጅቷ የሞተችው በዚያው ጠዋት ነው። የምትሠራው ውድ የጆሮ ማዳመጫ በሚሸጥ ባለ አንድ ፎቅ ሱቅ ውስጥ ነበር። ምድር ቤቱ መሸጫ፣ ፎቁ መሞከሪያ ክፍል ነው። ደንበኛ ሲመጣ ፎቅ ላይ ታስቀምጠውና የሚወደውን ዘፈን ትጠይቀዋለች፤ ከዚያ ለዘፈኑም ለጆሮውም የሚስማማውን ትመርጥለታለች። ከአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ግርጌ ወድቃ ስትገኝ ማዳመጫው በሁለቱም ጆሮዎቿ ነበር። ኪሷ ውስጥ ያለው ማጫወቻም እየዘፈነ ነበር። ሙዚቃ ይዟት ሄዶ ደረጃ ስታ ነው፣ ጥፋቱ የራሷ ነው ተባለ። እናትየው ግን ጥፋቱን ከልጇ አንስታ በራሷ አፍ ላይ አድርጋዋለች፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ኢንስፔክተሩ ጥያቄውን ለወጠ። «የምትጠላው ድምፅስ ነበር?»

እናትየው ቀና አለች። «እሱንማ አውቃለሁ! ቀጭን ጩኸት አትችልም። የበራችን ማጠፊያ ሲያንቋርር ዘይት ይዛ የምትሮጠው እሷ ናት። ማንኪያ ድስት ሲፍቅ ‹እማ፣ ጥርሴን በላኝ› ብላ ጥላኝ ትወጣለች።»

ኢንስፔክተሩ ጻፈው፤ ሁለት ጊዜም አሰመረበት።

ያን ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያዋ የሱቁ ባለቤት ናት፤ የተወለወለውን ጠረጴዛ መልሳ እየወለወለች አነጋገረችው።

«ጓዳ በሩን ዘግቼ ዕቃ ስፈታ ነበር። ምንም አልሰማሁም።»

«ሥራዋ እንዴት ነበር?»

«ከእሷ የገዛ ሰው መልሶ አያውቅም። ደንበኛው ሲያዳምጥ ፊቱን ነው የምታየው። ግንባሩን ከቋጠረ ቶሎ ታወልቅለታለች።»

«ከጋሼ የገዛስ?»

ጋሼ የሚሏቸው ሃያ ዓመት እዚያ የሠሩት ሽማግሌ ሻጭ ናቸው። ሴትየዋ መወልወሏን አቆመች። «ዘንድሮ አምስት ሰው መለሰ። ግን እኮ እሷንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ምን ልበላቸው?»

ሁለተኛው ደንበኛ የሆነ አንድ ድራመር ነው፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ አርፈው አያውቁም።

«ጮኸህባታል አሉ።»

«አዎ ጮኼአለሁ! ጋሼ የሸጡልኝ ማዳመጫ መድረክ ላይ ጆሮዬን በመርፌ ሲወጋኝ አመሸ። እሷ ግን ‹ድራመር ሆነህ ጩኸት ፈራህ?› ብላ አሳቀችኝ። ‹ቆይ፣ እቀይርልሃለሁ› ብላ ወደ ፎቅ ወጣች። ውጭ ስልክ አውርቼ ስመለስ ወድቃ አገኘኋት።» ጣቶቹ ቆሙ። «ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም።»

ጋሼን ያገኛቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተጠረገ ነው።

«ስትወድቅ መጋዘን ነበርኩ፣ ልጄ። ስንቴ መከርኳት መሰለህ! ሙዚቃ ከያዛት ዓለምን ትረሳለች።»

በዚህ መሃል የኢንስፔክተሩ የእጅ ሰዓት ቲት፣ ቲት እያለ ጮኸ። ከታች የሱቁ ባለቤት አንገቷን አቅንታ አየች። አጠገቡ የቆሙት ጋሼ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ሦስቱንም ከእናትየው ጋር መሞከሪያው ክፍል ሰበሰባቸው። ከከረጢት ማዳመጫውንና ማጫወቻውን አወጣ።

«ከእሷ ላይ እንደተወሰደ ነው፤ ማንም አልነካካውም። ጋሼ፣ በታላቅነትዎ መሞከሩን ይጀምሩልን።»

ጋሼ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ጎማ በአልኮል ጠረጉ፤ ገመዱን በጆሯቸው ጀርባ አዙረው ሰኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማለፊያ ነው። ለስላሳ። ለእሷ የሚሆን ነው።»

ድራመሩ ተቀብሎ ሰካው፤ ወዲያው መንጭቆ አወጣው። «ኧረ በእናትህ! ይሄ ምን ለስላሳ አለው? አንጎል ይበሳል!»

የሱቁ ባለቤት በአንድ ጆሮዋ ብቻ ሞክራ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጋሼ ዞረች።

ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «አሥራ ሁለት ደረጃ የተንከባለለ ሰው ጆሮ ላይ ማዳመጫ በቦታው አይቆይም። የእሷ ግን ገመዱ በጆሮዋ ጀርባ ዞሮ፣ ጎማው በልኳ ገብቶ ነው የተገኘው። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ ያደረገላት ሰው አለ። አደራረጉን ሦስታችሁም ታውቁታላችሁ፤ በዚህ ማንንም መለየት አልቻልኩም። ማጫወቻውን ሳየው ግን ቀጭኑ ድምፅ እስከ ጥጉ ተነስቷል። የበር ማጠፊያ የማትችል ልጅ ይህን አንድ ደቂቃ አትታገሰውም። ያነሳው ሰው መጀመሪያ በራሱ ጆሮ ሞክሮታል፤ የሻጭ እጅ ሳይሞክር ለሰው አይሰካም። ድምፁ አልጠራ ሲለው ጨመረ፤ አሁንም አልጠራ ሲለው ጨመረ። ጋሼ፣ ትናንት ሰዓቴ አጠገብዎ ሲጮህ አልሰሙትም።»

ጋሼ ወንበሩን ይዘው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የጠፉብኝ ወፎቹ ናቸው» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጆሮ የሌለው ሻጭ ምን ይሠራል ብዬ ደበቅሁ። እሷ ግን ነቃችብኝ። ያን ጠዋት ደረጃው አናት ላይ ክንዴን ያዘችና ‹ጋሼ፣ ሐኪም ቤት አብሬዎት እሄዳለሁ፤ ለማንም አልናገርም› አለችኝ። አፈርኩ። ልቀቂኝ ብዬ ክንዴን መነጨቅሁ… ሮጬ ወርጄ ትንፋሿን ላዳምጥ ጎንበስ አልኩ። አልሰማሁም። እኔ የማልሰማው ግን ብዙ ነው።»

«ሐኪሙ ወዲያው ነው የሞተችው ብሏል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ እናትየውን እያየ።

እናትየው ሽማግሌውን ትክ ብላ አየቻቸው። «ስትወድቅ ጆሮዋ ላይ ምንም አልነበረም?»

«ምንም፣ እህቴ። ጥፋቱ የእሷ እንዲመስል በኋላ የሰካሁላት እኔ ነኝ። አውልቃው ነበር። እኔን ነበር የምትሰማው።»

እናትየው እነዚያን ቀናት ሁሉ የያዘችው ትንፋሽ ወጣ፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

ጋሼ በሁለት ፖሊሶች መሃል ደረጃውን ወረዱ። ኢንስፔክተሩ ከረጢቱን ይዞ ተከተላቸው። ድራመሩ አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ወጣ። እናትየውና የሱቁ ባለቤት ክፍሉ ውስጥ ቀሩ፤ እናትየው «ልጄ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነበር የምትወደው?» ብላ ጠየቀቻት።