የመጨረሻው ረድፍ

ሰውየው የተገኘው እሑድ ጠዋት፣ ከቤቱ ሥር ባለው ጋራዥ ውስጥ፣ በጭስ ታፍኖ ሞቶ፣ የመኪናው መሪ ላይ ተደፍቶ ነው። ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል። የላሜራው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር የተከፈተው ተሰብሮ ነው፤ አዲሱ የብሎኬት ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ አንዲት ቀዳዳ የለውም። ሌባ ሁለቴ የመኪናውን ዕቃ ፈትቶ ስለወሰደበት፣ በምሰሶ ላይ የቆመውን የቤቱን ሥር ዙሪያውን ያስገነባው በፍርሃት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

መርማሪዋ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ግቢው ውስጥ ተራርቀው ቆመዋል፤ ሚስቱ፣ ፎቅ ላይ በጥገኝነት የሚኖረው ታናሽ ወንድሙና ሽማግሌው ግንበኛ። አንዳቸውም ሌላውን ቀና ብለው አያዩም። ግንበኛውን ፖሊስ ይዞታል።

«አባቴ፣ ይቀመጡና ይንገሩኝ» አለችው።

«የመጨረሻውን ረድፍ ሳልገነባ ነው የሄድኩት። ግድግዳው እስኪረጋ ሳምንት ይቆያል፤ አለዚያ ይሰነጠቃል፤ ሳምንቱ የሚሞላው ነገ ሰኞ ነው። ትናንት ቀትር ላይ፣ ለሰኞ ብሎኬት ማርጠቢያ በርሜሉን እስከ አፉ ሞልቼ ወጣሁ። አሁን ተዘግቶ ሳየው ግን ራሴን ጠረጠርኩ። ዘግቼው ረስቼ ቢሆንስ? እርጅና ነው። በእነዚህ እጆቼ ጋሼን ገድዬ ቢሆንስ?»

ሚስትየዋ ድምጿ ሰልሏል። «እኔ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህቴ ቤት ነበርኩ። እሱ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ወርዶ፣ ሌባ ይገባብኛል ብሎ በሩን ቀርቅሮ ሞተር ያሞቃል። ተው ቢሉት መች ይሰማል? ጭሱ የሚወጣባት ያቺ የላይኛዋ ክፍተት አለች እያልኩ ነበር የምጽናናው።» ወደ ቤቱ ቀና ብላ አየች። «አሁን ከማን ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዳለሁ አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

እህቷም ነገሩ እውነት መሆኑን በስልክ አረጋገጠች።

ወንድምየው እጆቹን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። «እኔ ተኝቼ ነበር። ከሽማግሌው ሌላ እዚህ ግንበኛ የት አለና ነው?»

መርማሪዋ መሰላል አስቀርባ ወጣች። የላይኛውን ረድፍ ማያያዣ በጥፍሯ ብትጭረው ሲሚንቶው እንደ አመድ ቦነነ። የሥሩን ብትጭር ጥፍሯ ተሰበረ። ወርዳ በርሜሉን ከፈተች፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከዚያ ፎቅ ወጥታ የወንድምየውን መታጠቢያ ቤት አይታ ተመለሰች።

«ሁላችሁም ወደዚህ ቅረቡ። ደረቅ ብሎኬት የሲሚንቶውን ውሃ ይመጠዋል፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። ለዚህ ነው አባባ አርጥበው የሚደረድሩት። የታችኞቹ ረድፎች ድንጋይ ሆነዋል፤ የላይኛው ግን ዱቄት ነው። በርሜሉም አልተነካም። አርባ ዓመት የገነባ እጅ፣ አእምሮ ቢረሳ እንኳ ማርጠብ አይረሳም። ያንን ክፍተት የዘጋው ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው። ሲሚንቶ ያቦካበት ባልዲም ፎቅ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አለ፤ ሥሩ ላይ ደርቆበታል።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ሲሚንቶ ያልለመደውን እጅ ይበላል። እስቲ እጅህን አሳየን።»

አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ክንዱን ሳበው። ጣቶቹ ተልጠው ቀልተዋል።

«ባሌ፣ ግድግዳው ሲያልቅ ቤቴን ትለቅልኛለህ ብሎት ነበር» አለች ሚስትየዋ ቀስ ብላ።

«የገዛ ወንድሜ ሜዳ ላይ ሊጥለኝ ነበር» አለ ወንድምየው። ይዘውት ሄዱ። የፈሩት ደርሷል፤ የጠሉት ግን አልወረሰም።

ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ አለቀሰ።

«አባባ» አለችው ሚስትየዋ፣ «ያንን ረድፍ ያፍርሱልኝ። እስኪፈርስ ቤቱ አልገባም።»

«እሺ እትዬ» ብሎ መሰላሉን ወጣ። መዶሻ አላስፈለገውም። በመዳፉ ሲገፋው የመጀመሪያው ብሎኬት ወደቀ፤ ብርሃንም በባዶው የመኪና ወንበር ላይ አረፈ።