አቤት የማይባልበት ድልድይ

አላምንም የሚል ሰው ካለ አልፈርድበትም። እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... ኅዳር 2004 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ከማንኩሳ በታች ባለ አንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሥር።

የድልድዩን ስም አልጽፍም። ዛሬም ሰው ያልፍበታል።

ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ክረምት አልፎ ወንዙ ሲጎድል የአካባቢው ሰው በየተራው ስንጥቁን በኖራ ይደፍናል። ኖራው እንዳይልጠን ዘይት ተቀብተን የምንመርገው በእጃችን ነው። ስለዚህ የድልድዩ ሆድ የመዳፍ አሻራ ብቻ ነው። ነጣ ያለው የአባቶቻችን፣ ግራጫው የአያቶቻችን...

ከሁሉ በታች ያለውን ጥቁሩን ግን ማንም የእኛ ነው አይልም።

በዚያ ዓመት ተራው የቤታችን ሆነ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ክንዱ፣ ጥገናውን ከሚያውቁት ከአያ ወልደ ሥላሴ ጋር ወረድን። የክንዱ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

«ስሙኝ» አሉ ሽማግሌው። «ከዚህ ሥር ስም አይጠራም። የተጠራም አቤት አይልም። ስትፈላለጉ ድንጋይ በድንጋይ ምቱ።»

«አቤት ያለስ፣ አያ?»

«ይቀራል።»

«ሠርጌን ሳልበላማ አልቀርም!» ክንዱ ሳቀ። «ይልቅ ይህ ታናሼ ይቅርልኝ። እሱ እንደሆነ ከሰው ፊት ቆሞ አያወራ!»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ኖራውን ይዞ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ በደረቱ ተሳበ። እግሩ ብቻ ቀረ።

ጥቁሩን ኖራ በጣቴ ዳሰስሁት።

የመዳፍ አሻራ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል አይደል? ይህ ግን ወደ ውጭ አብጦ ነበር... ከውስጥ የተገፋ ይመስል።

ያን ጊዜ የወንዙ ድምፅ ጠፋ። ውኃው ይፈሳል... ድምፅ ግን የለውም።

«ተስፋው!»

ስሜን የጠራው የእማየ ድምፅ ነው። ከላይ አይደለም። ከኋላዬም አይደለም። ከድንጋዩ ውስጥ...

እማየ ደግሞ ጠዋት ቡሬ ገበያ ሄዳለች።

«አ...» ከማለቴ አያ ወልደ ሥላሴ አፌን በመዳፋቸው አፈኑት።

«ዝም በል... ዝም...»

«ክንዱ!» አለ ድምፁ። ልክ ለምሳ እንደምትጠራው።

ስሙን ጠርተን ተው እንዳንለው፣ ስም አይጠራም። ድንጋይ አንሥቼ ግድግዳውን ደበደብሁ። ሽማግሌውም ደበደቡ።

«ክንዱዬ!»

ወንድሜ እማየ ጠርታው ዝም ብሎ አያውቅም።

«አቤት እማየ!»

እግሩን ይዘን ጎተትነው። ወጣ። አልተጫረ፣ አልደማ። ወንዙም እንደገና መጮህ ጀመረ።

«ተመስገን! ወጣ እኮ፣ አያ!» አልሁ።

እሳቸው ግን የሚያዩት ወደ ቀዳዳው ነበር። ክንዱ አሁን የመረገው እርጥብ ኖራ ላይ፣ ወደ ውጭ ያበጠ አዲስ መዳፍ...

ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«እስቲ አቤት በል፣ ልጄ።»

ክንዱ ዝም ብሎ አያቸው።

ቤታችን ከወንዙ ብዙ አይርቅም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እማየ ከገበያ ደረሰች። ክንዱ ከጎኔ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከድልድዩ ከወጣ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም።

«ክንዱ! ሸክሜን አውርድልኝ!» አለች ከደጅ።

ወንድሜ ላይ አፈጠጥሁ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

«አቤት እማየ!»

ከወንዙ በኩል ነው።

እማየ ሸክሟን እንዳዘለች ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«ምነው ልጄ፣ እስካሁን እዚያ ምን ትሠራለህ? ና እንጂ፣ መሸ!»

ከጎኔ ያለው ክንዱ እጄን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። መዳፉ ቀዝቃዛ ነው። አንድም መስመር የለበትም... እንደ ተመረገ ግድግዳ ልሙጥ።

«መጣሁ እማየ!» አለ ድምፁ።

አሁን ቀረብ ብሏል።